ክሩን ማን ይያዝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የመጡ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም ስለ ጥርስ ክርና ክሩን ለትንንሽ ልጆች ስለ ማስለመድ ነው። የምመልሰው በዚሁ ከተማ የልጆችን ጥርስ ሳክም ካየሁት ተነሥቼ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሽንብጥ አካባቢ ሲሆን የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ጥርሷን ጠዋትና ማታ በብሩሽ አጸዳላታለሁ፤ ከረሜላም አላበዛባትም። ባለፈው ወር ግን ማንጎ ስትበላ ቀኝ ጉንጯን ይዛ ስላለቀሰች ወደ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ ሁለቱ የመንጋጋ ጥርሶቿ በሚነካኩበት ቦታ ላይ አንደኛው መቦርቦሩን ነገረኝ፤ ከዚያም በየማታው በጥርስ ክር እንዳጸዳላት አዘዘኝ፤ አሠራሩን ግን አላሳየኝም። ክሩን ገዝቼ ብሞክር አፏን ዘጋችብኝ፤ አንድ ቀን ደግሞ ድዷ ስለ ደማ ፈርቼ ተውኩት። እናቴ በበኩሏ ‹የወተት ጥርስ አይደለም ወይ? ነገ ወልቆ ጣራ ላይ ለሚጣል ጥርስ ይህ ሁሉ መጨነቅ ለምንድን ነው?› ትለኛለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድመው ራስዎን መውቀስዎን ይተዉ። የጎደለው ትጋትዎ ሳይሆን የብሩሹ አቅም ነው። አንድ የመንጋጋ ጥርስ አምስት ገጾች አሉት፤ እነሱም በጉንጭ በኩል ያለው፣ በምላስ በኩል ያለው፣ የሚያኝከው ገጽ፣ እንዲሁም ከፊትና ከኋላ ካሉት ጥርሶች ጋር የሚነካካባቸው ሁለቱ ጎኖች ናቸው። ብሩሽ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያዳርሳል። ሁለቱ ጎኖች ግን ጥርሶቹ ተጠጋግተው ከቆሙ የብሩሽ ፀጉር የማይገባባቸው ስለሆኑ፣ ልጅቱ በቀን አምስት ጊዜ ጥርሷን ብትቦረሽ እንኳ እንደ ቆሸሹ ይቀራሉ። በአምስት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ የፊት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ተራርቀው ስለሚቆሙ (ይህ መራራቅ ለሚመጡት ትልልቅ ጥርሶች ቦታ የሚያዘጋጅ ስለሆነ አያስጨንቅዎ) እዚያ ክር አያስፈልግም። የመጀመሪያውና የሁለተኛው የወተት መንጋጋ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት ገደማ ጀምሮ ይነካካሉ፤ የልጅዎ ጥርስ የተቦረቦረውም እዚያው ነው።

ብዙ እናቶች የክሩ ሥራ የማንጎ ጭረት ወይም የሥጋ ቅንጣት ማውጣት ብቻ ይመስላቸዋል። ጭረቱንም ያወጣል፤ ዋናው ሥራው ግን ዓይን የማያየውን፣ በጥርሱ ጎን ላይ ተለጥፎ የሚያድገውን ለስላሳ የባክቴሪያ ንጣፍ መጥረግ ነው። ልጅቱ ብስኩት፣ ዳቦ ወይም የጣፈጠ ሻይ በቀመሰች ቁጥር ባክቴሪያዎቹ ስኳሩንና የእህሉን ስታርች ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን የውጭ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። የወተት ጥርስ የውጭ ሽፋን ከትልቅ ጥርስ ሽፋን ጋር ሲነጻጸር ውፍረቱ ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በትልቅ ሰው ጥርስ ላይ ዓመታት የሚፈጀው መቦርቦር በልጅ ጥርስ ላይ በወራት ወደ ነርቩ ሊጠጋ ይችላል። በጥርሶች መካከል የሚጀምር መቦርቦር ከላይ ሲያዩት አይታወቅም፤ ጥርሱ ውስጡ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጠም ጣራው ይደረመሳል። ሐኪምዎ ራጅ ማንሣቱ ስለዚህ ነው።

እናትዎ የሚሉት ከፊሉ እውነት ነው። የፊት የወተት ጥርሶች በስድስትና በሰባት ዓመት ይወልቃሉ። የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ይቆያሉ፤ ስለዚህ ልጅዎ በዚህ በታመመው ጥርስ ገና ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ልታኝክበት ነው። ጊዜው ሳይደርስ ከተነቀለ ከኋላው ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ይጋደልና ከሥር ለሚበቅለው ጥርስ መውጫ ያሳጣዋል፤ ኋላ ጥርስ ተደራርቦ የበቀለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የዚህ ሰለባዎች ናቸው። በተጨማሪም ክር የተቦረቦረን ጥርስ እንደማያድን ይወቁት። ሐኪሙ ሙሌት ካዘዘ ሙሌቱን ያስጨርሱ፤ ክሩ የሚጠብቀው ገና ያልተነኩትን ጎኖች ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ሐኪሙ ሳያሳይዎ የቀረው ይህ ነውና። ልጅዎን ሹሩባ ሲሠሩላት እንዴት እንደምትቀመጥ ያስቡ። እርስዎ በርጩማ ላይ፣ እርሷ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታዎት ምንጣፍ ላይ በጉልበቶችዎ መካከል ትቀመጣለች፤ ጭንቅላቷም ወደ ኋላ ጭንዎ ላይ ያርፋል። ለጥርስ ክርም ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም፤ አፏ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ብርሃን ይገባል፣ ሁለቱም እጆችዎ ነጻ ይሆናሉ፣ ጭንቅላቷም አይወዛወዝም። ፊት ለፊት ቆመው ቢሞክሩ ግን ልጅቱ እያፈገፈገች፣ እርስዎ እየተከተሏት ክፍሉን ትዞራላችሁ። የመብራት ችግር ካለ የስልክዎን ባትሪ ሌላ ሰው ያብራላችሁ፤ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካላት ይህን ሥራ በደስታ ይቀበላል።

ከክሩ አንድ ክንድ ያህል፣ ማለትም 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቁረጡ። ጫፍና ጫፉን በሁለቱ የመሐል ጣቶችዎ ላይ ይጠምጥሙና በመካከል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይተዉ። ለላይኛው መንጋጋ በአውራ ጣትዎ፣ ለታችኛው በሌባ ጣትዎ እየመሩ ክሩን በሁለቱ ጥርሶች መነካኪያ ላይ ያሳርፉትና እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተቱ ቀስ አድርገው ያሳልፉት። ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። በኃይል ከተጫኑት ክሩ መነካኪያውን በድንገት አልፎ ድዱን ይመታዋል፤ ልጅም ከዚያች ቀን በኋላ አፏን አትከፍትም፤ ምናልባት በእናንተም ቤት የሆነው ይህ ይሆናል። ክሩ ካለፈ በኋላ ወደ አንደኛው ጥርስ ስበው እንደ ማጭድ ጥርሱን እንዲያቅፍ ያጥፉት፤ ድዱን ሳይጫኑ ከድዱ ከንፈር ሥር ትንሽ ዝቅ አድርገው ወደ ላይና ወደ ታች ጥቂት ጊዜ ይጥረጉ። ክሩን ሳያወጡ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ መልሰው እንዲሁ ያድርጉ። በአንድ መነካኪያ ላይ ሁለት ጎኖች እንዳሉ ይረሳል፤ አንዱን ጠርጎ የሚያወጣ ሰው ግማሹን ሥራ ነው የሠራው። ወደ ሌላው መነካኪያ ሲሄዱ የተጠቀሙበትን ጠምጥመው ንጹሑን የክር ክፍል ያምጡ።

ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ የሚደረግባቸው ቦታዎች ስንት ናቸው ቢሉ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ብቻ ናቸው፤ ከላይ ቀኝና ግራ፣ ከታች ቀኝና ግራ። እጅዎ ሲለምድ ከሁለት ደቂቃ በታች ያልቃል። የባክቴሪያው ንጣፍ እንደገና ተደራጅቶ ለመጠንከር አንድ ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከሁሉም የሚሻለው ማታ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ አፍ ራሱን የሚያጥብበት አቅም ይደክማልና። እሑድ ማለዳ ልጆቻቸውን ለማቁረብ የሚወስዱ እናቶችም ሕፃኑ ጠዋት አፉን ስለማይጉመጠመጥ የማታው ጽዳት እንደሚጠቅማቸው ነግረውኛል። ክሩ ከብሩሹ በፊት ቢሆን እመርጣለሁ፤ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ (የጥርስን ሽፋን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር) በተጠረገው ጎን ላይ እንዲያርፍ። ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል የጥርስ ሳሙና ይበቃል፤ ልጅቱም አረፋውን ትትፋ እንጂ በውሃ አትጉመጥመጥ።

አፏን መዝጋቷን በተመለከተ በአንድ ምሽት አራቱንም ቦታ ለመጨረስ አይነሡ። የመጀመሪያውን ሳምንት አንዲት ቦታ ብቻ፣ ያውም ያልታመመችውን ይያዙ። ከዚያ በፊት ደግሞ ቀን በጨዋታ ያሳዩአት፦ ሁለት ጣቶችዎን አጥብቀው ይግጠሙና በመካከላቸው ጥቂት ማር ይቀቡ፤ ልጅቱ በአሮጌ ብሩሽ ማሩን ለማውጣት ትሞክር፤ ሲያቅታት በክሩ ትሞክር። ይህን ያየች ልጅ ክሩ ለምን እንደሚገባ ማብራሪያ አትጠይቅም። አንዲት እናት ደግሞ ለእያንዳንዱ ጎን አንዲት የፊደል ቤት እንደምትቆጥር አጫውታኛለች፤ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ሲባል ሰባት ጊዜ ተጠረገ፣ ያ ጎን አለቀ ማለት ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ መቁጠር ስለማይችል የሚቆጥሩት እናቱ ናቸው፤ እርሱ ግን እስከ «ሆ» መታገሥ እንዳለበት ያውቃል፤ መጨረሻው የሚታወቅ ነገር ደግሞ ለልጅ ይቀላል። እኔ ይህን ዘዴ ከሰማሁ ወዲህ በክሊኒክም እጠቀምበታለሁ። መስተዋት በእጇ ማስያዝም ይረዳል። ማስፈራራት ግን፣ በተለይም «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሻል» ማለት፣ የማታውን ልምድ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም የሕክምና ቀጠሮ ያበላሻል።

ስለ ደሙ። ክር ያልለመደ ድድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢደማ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አስቀድሞ በቆሻሻው የተነሣ መቆጣቱ ነው፤ ስለዚህ ደሙን አይቶ መተው የሚያቆጣውን ነገር እዚያው መተው ይሆናል። በእርጋታ ከቀጠሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ሳይነካ በራሱ ከደማ ለሐኪም ያሳዩ። ደም ያለመርጋት ችግር ያለባቸው ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ክሩን ከመጀመራቸው በፊት የልጁን ሐኪም ይጠይቁ፤ ከአፍ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ የታመመን ልብ ስለሚጎዳ እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ አፍ ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄ፦ «እኔ በጣና ላይ አሣ አስጋሪ ነኝ። ለመረብ የምንጠቀምበት የናይለን ክር በቤቴ አይጠፋም። የጥርስ ክርም ከናይለን ነው የሚሠራው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ የአራት ዓመት ልጄን ጥርስ በመረቡ ክር ባጸዳለት ምን ችግር አለው? ባለቤቴ ደግሞ ‹እኔ የምፈትለው ጥጥ ይሻላል› ትላለች።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰሙት ትክክል ነው። የጥርስ ክር ሲጀመር ሐር ነበር፤ ሌዊ ስፒር ፓርምሊ የተባለ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1819 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች ጥርሶቻቸውን በሐር ክር እንዲያጸዱ መክሮ ነበር፤ ናይለን ሐሩን የተካው በ1940ዎቹ ነው። ነገር ግን ናይለን ሁሉ አንድ አይደለም። የጥርስ ክር በጣም ቀጫጭን ከሆኑ ብዙ ጭረቶች ስለሚሠራ ጥርሱ ጎን ላይ ሲያርፍ ይዘረጋል፣ ይለሰልሳል፣ ቆሻሻውንም ይይዛል። ነጠላው የአሣ ማጥመጃ ናይለን ግን ድፍንና ክብ ስለሆነ አይዘረጋም፤ ሲስቡት እንደ ሽቦ ድድ ይቆርጣል። እርስዎ እጅዎን ስንት ጊዜ እንደ ቆረጠዎት ያውቁታል፤ የአራት ዓመት ልጅ ድድ ደግሞ ከእርስዎ እጅ የሳሳ ነው። የተገመደው የመረብ ክርም ቢሆን ወፍራምና ጠንካራ በመሆኑ በልጅ ጥርሶች መካከል ለማሳለፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ የሐይቅ ውሃ የነካ ከሆነማ ጨርሶ ወደ አፍ አይግባ።

የባለቤትዎ ፈትል ከመረቡ ይልቅ ለድድ አይከፋም፤ ነገር ግን በእጅ የተፈተለ ጥጥ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ መነካኪያው ላይ ይበጠሳል፣ ጭረቱም እዚያው ተሰንቅሮ ይቀራል። ተሰንቅሮ የቀረ የጥጥ ጭረት ድድን ያስቆጣል፤ ይህን ለማውጣት ወደ ክሊኒክ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ወጪውን እናስላ። በመድኃኒት ቤቶች በብዛት የሚሸጠው አንድ ጥቅል 50 ሜትር ነው። በየማታው 45 ሳንቲ ሜትር ቢቆርጡ ከ110 ቀን በላይ፣ ማለትም ሦስት ወር ተኩል ያህል ይበቃል። ለአራት ዓመት ልጅ አራት ቦታ ብቻ ስለሚነካ ከዚያም አጠር ያለ ክር ሊበቃዎት ይችላል። ሁለቱንም መግዛት የሚከብድበት ወር ካለ ግን ያለ ማመንታት ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ያስቀድሙ፤ ክሩ የብሩሽና የሳሙና ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደለም።

እጀታ ያለው አጭር የጥርስ ክር ስለሚባለውም የጠየቁ አሉ። ጣታቸው ወፍራም የሆነ አባቶች በትንሽ አፍ ውስጥ ሁለት እጅ ማስገባት ስለሚቸግራቸው ይህ ይቀላቸዋል፤ ልጆችም መልኩን ይወዱታል። እንደ ማጭድ አጥፎ ጥርሱን ለማቀፍ ግን ክሩ የተወጠረ ስለሆነ አያመችም፤ ስለዚህ እጀታውን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ገፋ እያደረጉ ሁለቱንም ጎን ይጥረጉ። አንዱን ለሁለት ልጆች መጠቀም አይገባም፤ ከአንድ ማታ በኋላም ይጣል።

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር በአንድ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ በክፍሌ አርባ ልጆች አሉ። ከምሳ በኋላ ሁሉም የጥርስ ክር እንዲለማመዱ ለማድረግ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ወላጅ ‹ክር ጥቅም እንደሌለው ተረጋግጧል› የሚል ጽሑፍ ከኢንተርኔት አሳዩኝ። የትኛውን ልቀበል?»

መልስ፦ መምህርት፣ ወላጁ ያሳዩዎት ጽሑፍ ከየት እንደ መነጨ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሶሽዬትድ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድርጅት ስለ ጥርስ ክር የተደረጉ ጥናቶችን ሲመረምር ማስረጃው ደካማ መሆኑን ዘገበ፤ የአሜሪካ መንግሥትም በዚያው ወቅት ከአመጋገብ መመሪያው ውስጥ ስለ ክር የሚናገረውን ምክር አውጥቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ «ክር ከንቱ ነው» የሚለው ወሬ እየተቀባበለ ይዞራል። ዘገባው የተናገረው ግን ማስረጃው ደካማ ስለመሆኑ እንጂ ክሩ እንደማይጠቅም ስለመረጋገጡ አይደለም፤ ሁለቱ ነገሮች በጣም የተለያዩ ናቸው።

ልጆችን በሚመለከት ከዚያ በፊት፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ነበር፤ ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመውም እርሱ ነው። ግምገማው ከ4 እስከ 13 ዓመት ዕድሜ ባላቸው 808 ልጆች ላይ የተደረጉ ስድስት ጥናቶችን መረመረ። ሠልጥነው የተመደቡ ሰዎች በትምህርት ቀናት ሁሉ የልጆቹን ጥርስ በክር ሲያጸዱ ቆይተው ከ20 ወር ያህል በኋላ ሲታይ፣ በጥርሶች መካከል የሚደርሰው መቦርቦር በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይኸው ሥራ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ብቻ ሲደረግ ግን ለሦስት ዓመት ቢቀጥልም ለውጥ አላመጣም። ልጆቹ ራሳቸው ክሩን ይዘው በተጠቀሙበት ጊዜም፣ ሁለት ዓመት ከተጠበቀ በኋላ የታየ ልዩነት አልነበረም። ስለዚህ በክሩ ከመፍረዳችን በፊት ክሩን የያዘው እጅ የማን እንደ ነበረና በስንት ቀን አንዴ እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባል። ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር፤ 40 በመቶ የተባለው ውጤት የተገኘው ፍሎራይድ እምብዛም በማያገኙ ልጆች ላይ ስለነበረ፣ በየቀኑ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በሚቦርሹ ልጆች ላይ ጥቅሙ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ እርስዎ አርባ ልጆችን በየቀኑ በራስዎ እጅ ማጽዳት አይችሉም፤ አርባ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ክር ይዘው ሲቀመጡ ደግሞ የሚሆነውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ክሩን አንዱ ለሌላው ማቀበሉ፣ ጣት ላይ አጥብቆ መጠምጠሙ፣ ድድ ማድማቱ አይቀርም። ስለዚህ ሐሳብዎን አከብራለሁ፣ ግን አልደግፈውም። በክፍል ውስጥ ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ብሩሽና የአተር ፍሬ በሚያህል ሳሙና ቢቦርሽ ጥቅሙ የበለጠ ነው፤ ብሩሾቹ እንዳይነካኩ ተለያይተው ይቀመጡ። የጥርስ ክሩን በወላጆች ስብሰባ ያንሡት፤ በርጩማና አንድ ፈቃደኛ ልጅ ይዘው ከላይ የጻፍኩትን አቀማመጥ አምስት ደቂቃ ወስደው ቢያሳዩ ለአርባ ቤት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ «የዘጌ ነዋሪ ነኝ። ስምንት ልጆች ያሳደግሁት በመፋቂያ ነው፤ የማንኛቸውም ጥርስ አልተበላም። የልጅ ልጆቼ አሁን በብሩሹ ላይ ክር ተጨመረባቸው። መፋቂያ ምን ጎደለው?»

መልስ፦ እማማ፣ መፋቂያ የሚናቅ አይደለም። በልማድ በሚሠራባቸው አገሮች ሰዎች መፋቂያ እንዲጠቀሙ የዓለም ጤና ድርጅትም ያበረታታል፤ ከወይራ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ጫፉ በደንብ የታኘከ መፋቂያ የጥርስን ፊት በሚገባ ያጸዳል። የእርስዎ ልጆች ጥርስ የዳነው ግን በመፋቂያው ብቻ አይመስለኝም፤ በእርስዎ ጊዜ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ በየሱቁ ደጃፍ አልነበረም። የልጅ ልጆችዎ በቀን ስንት ጊዜ ጣፋጭ እንደሚቀምሱ ይቁጠሩና ይፍረዱ። መፋቂያም እንደ ብሩሽ ሁሉ በሁለት መንጋጋዎች መካከል አይገባም፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ እየሮጠ ሲጠቀምበት ላንቃውን ሊወጋው ይችላል። ትልልቆቹ የልጅ ልጆችዎ ጠዋት መፋቂያ ቢይዙ አልቃወምም፤ ማታ ግን ፍሎራይድ ያለው ሳሙናና ክሩ ይቅደም። ስቴኪኒ የሚያቀብሏቸው አጎቶች ካሉ ደግሞ እባክዎን ይቆጧቸው፤ ለልጅ ድድ ከሁሉም የከፋው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ልጄ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ክሩን እንድይዝለት አይፈልግም፤ ‹እኔ ራሴ› ይላል። መቼ ልልቀቅለት? ደግሞም ከመጨረሻው ጥርሱ በስተኋላ አንድ ትልቅ ጥርስ በቅሎበታል፤ የወለቀ ጥርስ ሳይኖር እንዴት በቀለ?»

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱበት ነውና። ያ ጥርስ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነው። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት መንጋጋዎቹ በስተኋላ ስለሚበቅል የሚተካው ጥርስ የለም፤ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል፤ ወላጅም የወተት ጥርስ መስሎት ይተወዋል። ቢነቀል ሌላ የማይተካበት ስለሆነ ግን ከአፉ ውስጥ ጥርሶች ሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚገባው እርሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ከፊቱ ካለው የወተት መንጋጋ ጋር ስለሚነካካ ክር የሚገባባቸው ቦታዎች ከአራት ወደ ስምንት ያድጋሉ። የወተት መንጋጋው ጎን ከተቦረቦረ ፊት ለፊቱ ያለውም የአዲሱ ጥርስ ጎን አብሮ ሊበላ ስለሚችል ይህች ቦታ በየማታው አትታለፍ።

«እኔ ራሴ» ማለቱ መልካም ነው፤ ብዙ እናቶች ይህን ቃል ለመስማት የሚመኙት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ልጆች ክሩን እንደሚገባ ለመጠቀም የሚያስችል የጣት ብልኀት የሚያገኙት ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እኔ የምመዝነው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የጫማውን ክር ያለ እርዳታ አጥብቆ ማሰር ከቻለና የደብተሩ ጽሕፈት መስመሩን መጠበቅ ከጀመረ እጁ እየተዘጋጀ ነው ማለት ነው። እስከዚያው ሥራውን ተካፈሉት፦ የታችኛውን መንጋጋ እርሱ ይጀምር፣ ስለሚታየው ይቀለዋል፤ የላይኛውን እርስዎ ይያዙ፤ እርሱ የሠራውንም በመጨረሻ እርስዎ ደግመው ይለፉበት። መድገምዎን እንደ እርማት ሳይሆን የሥራው ሁለተኛ ክፍል አድርገው ያስለምዱት። የላይኛውን የኋላ መንጋጋ ድድ ሳያደማ ደጋግሞ ሲያጸዳ ካዩት በየማታው ሳይሆን በሳምንት ሁለትና ሦስት ማታ ብቻ መመልከት ይበቃዎታል። የታመመ ወይም የደከመ ምሽት ላይ ግን ስምንት ዓመትም ቢሞላው «ዛሬ አንተ ሥራልኝ» ካለዎት ክሩን ይቀበሉት።